ከሥዕለ ማርያም እስከ ጉልት፦ ሴት በሥዕላችን የመጣችበት መንገድ፣ ከባሌ ደጋ ሲታይ

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ እመቤታችንን ልጇን ታቅፋ በእንጨት ገበታ ላይ ሣላት። ሥዕሉ በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ሠዓሊው ስሙን ጽፎበታል፤ በዚያ ዘመን ይህ እምብዛም አይደረግም ነበር። ንጉሡ የማርያምን በዓላት ሠላሳ ሦስት አድርጎ ደንግጓል፤ ተአምሯ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ ለሥዕሏም እንዲሰገድ አዝዟል። ስለዚህ ሠዓሊው የሚሠራው ሰው ቆሞ የሚያየውን ሥዕል አልነበረም። የሚሠራው ሰው በግንባሩ ተደፍቶ የሚለምነውን መልክ ነበር። በሥዕላችን ታሪክ የሴት መልክ የጀመረው እንዲህ ከላይ፣ ከሰማይ ነው፤ ወደ ምድር ለመውረድም አምስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

በዚያው ዘመን ባሌ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ግብር ከሚከፍሉት የደቡብ ምሥራቅ ሙስሊም ግዛቶች አንዷ ነበረች። በድሬ ሼህ ሁሴን ያለው መካነ ቅዱስ ከዚያ በፊት ጀምሮ ከሩቅ አገር ተሳላሚ የሚጠራ ቦታ ነው፤ ሴቱም ወንዱም ጫፉ የተሰነጠቀ በትር ይዞ እየዘመረ ይሄድበታል። በዚህ በኩል እምነቱ በመልክ አይገለጥም፤ በዜማ፣ በበትርና በመንገድ ይገለጣል። ያም ሆኖ በሁለቱ ዓለማት መካከል የቆመች አንዲት ሴት አለች። ንግሥት እሌኒ የሐዲያ ሙስሊም ገዥ ልጅ ነበረች፤ ወደ ቤተ መንግሥት ገብታ ክርስትና ተነሣች፣ መንፈሳዊ መጻሕፍትን ደረሰች፣ በእርጅናዋም ለልብነ ድንግል እንደራሴ ሆና አገር መራች፤ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከችውም እርሷ ናት። እንዲህ ያለች ሴት በዘመኗ በሥዕል ብትቀር ምን ያህል በጠቀመን ነበር! ነገር ግን ያን ጊዜ ለሥዕል የተመረጠች ሴት አንዲት ብቻ ነበረች።

የአሣሣሉ ሕግ ጥብቅ ነው። ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ በሁለት ዓይኑ እያየ ይሣላል፤ ኃጥእና ጋኔን ከጎን፣ በአንድ ዓይን። ጥላ የለም፤ ዓይን ትልቅ ነው። የማርያም መጎናጸፊያ ሰማያዊ ነው፤ እጇ፣ አንገቷና የልጇ አቀማመጥ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የወረደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1480 ገደማ ከቬኒስ መጥቶ አርባ ዓመት ያህል በኢትዮጵያ የኖረው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዮን ይህን ሕግ በራሱ ላይ አይቶታል። ተጓዦች እንደጻፉት ማርያምን ሕፃኑን በግራ ክንዷ አሳቅፎ በመሣሉ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ግራ የንቀት ጎን ነውና። አንዲት ሴት ልጇን በየትኛው እጇ እንደያዘች አገር የሚያነጋግር ከሆነ፣ ሥዕሉ ምን ያህል ሥልጣን እንደነበረው መገመት አይከብድም። ይህ ሁሉ ሥልጣን ግን ከወንድ እጅ አይወጣም ነበር። ሙያው የሚተላለፈው በመነኩሴ፣ በደብተራና በዲያቆን ነው፤ ሴት ልጅ ከዚያ ትምህርት ቤት ደጃፍ አታልፍም። ለዘመናት በሴት መልክ የተሞሉት ግድግዳዎቻችን የወንድ እጅ ሥራዎች ናቸው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በክርስቲያኑ መንግሥትና በሙስሊሞቹ ግዛቶች መካከል ጦርነት መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ1530ዎቹ በኋላ ባሌ ከክርስቲያኑ መንግሥት እጅ ወጣች። አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ የኦሮሞን እንቅስቃሴ ሲተርክ የሚጀምረው ከባሌ ነው። በዚህ ደጋ የኖሩት የአርሲ ኦሮሞዎች ሸራም ገበታም አልነበራቸውም፤ ሴትነትን የሚያሳዩበት ምልክት ግን ከማንም የሚተናነስ አይደለም። በዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል የሚጽፉ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ዘለው ያልፋሉና።

ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ ትሰጣታለች። ሲንቄ ቀጥ ያለ ቀጭን በትር ነው። ከብት አይነዳበትም፤ ለመመርኮዣም አይደለም። ያገባች ሴት ክብሯና መብቷ በእርሱ ይታወቃል። ሁለት ወገኖች ሲጋጩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ከቆሙ፣ ያን አልፎ የሚመታ ሰው የለም። ሴት ስትወልድ ደግሞ ቀነፋ የሚባለውን ትንሽ ጌጥ በግንባሯ ላይ ታስራለች፤ ቀነፋ ያሰረች ሴት ለወራት ወዩ ናት፣ ማለት ክብርት፣ የማትነካ። ባል በዚህ ጊዜ እጁን ቢያነሣባት የመንደሩ ሴቶች ሲንቄ ይዘው ይወጣሉ። ቤት፣ ልጅና ከብት ጥለው ይሰበሰባሉ፤ ሽማግሌ ገብቶ ጥፋተኛው እስኪቀጣና እስኪክስ ድረስም አይመለሱም። አቴቴ በሚባለው የልመና ሥርዓት ደግሞ ልጅ ላጣች፣ ዝናብ ለጠፋበት አገር በአንድነት እየዘመሩ ይለምናሉ። አንገት ላይ የሚደረደረው ጨሌ፣ በቅቤ የሚለሰልሰው የቆዳ ልብስ፣ ወገብ ላይ የሚታሰረው መቀነት ሁሉ የለበሰቻቸው ሴት ያላገባች፣ ያገባች፣ የወለደች ወይም ያረጀች መሆኗን ይናገራሉ።

የሰሜኑ ሠዓሊ ስለ ሴት ክብር የሚናገረውን ሁሉ በአንዲት ቅድስት መልክ ላይ አከማችቶት ነበር። በባሌ ደጋ ያ ክብር በእያንዳንዷ እናት ግንባር ላይ ታሰረ። የትኛው ይበልጣል ብዬ አላወዳድርም። ይህም ያም ሴትን በዓይን ማክበሪያ መንገድ መሆኑን ግን በእኩል ዓይን ማየት አለብን።

ወደ ሰሜን እንመለስ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢየሱሳውያን በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለውን የማርያም ሥዕል ቅጂ ይዘው መጡ፤ እጆቿን አቆላልፋ፣ መሐረብ ይዛ የምትታየውን። ኢየሱሳውያን ተባረሩ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ፣ በጎንደር ዘመንም ዋነኛው የማርያም መልክ ሆነ። ኢየሱሳውያን ባስነሡት የሃይማኖት ክርክር ባሏን ትታ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር የተሟገተች አንዲት የመኳንንት ልጅም ወደ ሥዕል ገባች። የእርሷ፣ የወለተ ጴጥሮስ፣ ገድል እ.ኤ.አ. በ1672 ተጻፈ፤ በኋላ በተገለበጡት ብራናዎች ላይ ሕይወቷ በተከታታይ ሥዕል ተነገረ። ከቤቷ ስትወጣ፣ በንጉሥ ፊት ስትቆም፣ ሴቶችን ሰብስባ ስታስተምር ትታያለች። በእኔ ዓይን ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የአገራችን ሠዓሊ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ሴትን ዕድሜ ከገጽ ገጽ የተከተለበት ሥራ ነውና።

ቀጥላ እቴጌ ምንትዋብ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1730 ዘውድ ጭና ከልጇ ከኢያሱ ጋር ነገሠች፤ በጣና ደሴት ባለችው በናርጋ ሥላሴም ግድግዳ ላይ ከማርያም እግር ሥር ተደፍታ ተሣለች። ልብሷ የሐር ጥልፍ ነው፤ ጌጧም ይታያል። ሰግዳለች፤ ነገር ግን ማንነቷ ለማንም አይጠፋም። ከሰማያዊቷ ንግሥት በታች ምድራዊቷ ንግሥት የራሷን ቦታ ያዘች።

ከምንትዋብ በኋላ የመጣውን ዘመነ መሳፍንት አልፌ ወደ 1888 ዓ.ም. እሄዳለሁ። የዐድዋ ድል ሥዕል በቤተ ክህነት ሠዓሊዎች እጅ ደጋግሞ ሲሠራ፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሆና፣ አንዳንዴም ሽጉጥ ይዛ፣ ከሠራዊቱ ጋር ተሣለች። ሴት የታሪክ ሠሪ ሆና ወደ አደባባይ ወጣች። በዚያው አሠርት ዓመት የምኒልክ ጦር ባሌ ደርሶ ነበር፤ አገሩ በኃይል ተያዘ፣ መሬቱ ለወታደርና ለሹም ተሰጠ፣ ጎባም የጦር ሰፈርና የግዛቱ መቀመጫ ሆና ቆመች። ከሰፋሪው ጋር ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ሥዕለ ማርያም ወደ ደጋው መጣ። ከዚያ ወዲህ በጎባ ገበያ ነጠላ የለበሰች ሴትና ጨሌ ያሠረች ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠው ቅቤና ገብስ ሸጡ። የመጀመሪያዋ በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ የምትመስላት ሴት ነበረቻት፤ ሁለተኛዋ ሲንቄዋን ይዛ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ፈጠነ። አገኘሁ እንግዳ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፓሪስ ሄዶ በኤኮል ደ ቦዛር ተማረ። አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርቱን ጨርሶ ተመለሰና በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፈተ፤ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚህ ትምህርት ቤት ሥዕልን ለመማር ድቁና አላስፈለገም፤ ስለዚህም በሩ ለሴት ተከፈተ። በሥዕል ታሪካችን ከዚህ የበለጠ ለውጥ አላውቅም። አሜሪካዊቷ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ሊንዳ ኖክሊን እ.ኤ.አ. በ1971 በጻፈችው የታወቀ መጣጥፍ፣ በአውሮፓ ታላላቅ ሴት ሠዓሊዎች ያልበዙት ተሰጥዖ አጥተው ሳይሆን ለዘመናት ሞዴል እያዩ ሰውነት ከሚሣልበት ክፍል ስለታገዱ መሆኑን አስረድታለች። የእኛም ታሪክ ያው ነው፤ የተዘጋው በር ብቻ ይለያያል።

በዚሁ ጊዜ አፈወርቅ ተክሌ ሁለት ዝነኛ የሴት ሥዕሎች ሠራ፤ «የመስቀል አበባ» እ.ኤ.አ. በ1959፣ «እናት ኢትዮጵያ» በ1963። ሁለቱም ውብ ናቸው። ነገር ግን በመጀመሪያው ሴቲቱ አበባ ናት፣ በሁለተኛው አገር ናት። የአፈወርቅን ታላቅነት እያከበርኩ እንዲህ እላለሁ፦ ማርያምና እቴጌ ከሰማይና ከዙፋን ወርደው በአዲሱ ዘመን ምሳሌ ሆኑ፤ የራሷ ስም፣ ድካምና ሐሳብ ያላት ሴት ግን ገና አልደረሰችም። ከአፈወርቅ በኋላ የመጡ ብዙዎች ደግሞ ምሳሌነቱን ወደ ገበያ አወረዱት። እንስራ የተሸከመች ቀጭን ልጃገረድ፣ ጀበና ይዛ ዓይኗን የሰበረች ቆንጆ፤ ለቱሪስት በብዛት የሚሸጠው ይህ ነው። አንገቷ ይረዝማል፣ ፈገግ ትላለች፣ ምንም አታስብም። ይህ ሥዕል ሴትን አክብሮ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ይህ መልክ ሴቲቱን ከኑሮዋ ነጥሎ ጌጥ አድርጓታል ባይ ነኝ።

ከዚህ የወጣችው በመጀመሪያ ራሷ ብሩሽ የያዘች ሴት ናት። ደስታ ሐጎስ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተመራቂዎች አንዷ ናት፤ በአገራችን የራሷን ብቻ ዐውደ ርእይ በማቅረብም ለሴቶች መንገድ ጠርጋለች። ቀጥላ በካሊፎርኒያ ተማረች፤ ተመልሳም ለአሥርተ ዓመታት ሠራች። የሴቶች የዕለት ኑሮ በሥራዎቿ ውስጥ ደጋግሞ ይመለሳል።

በባሌ እነዚህ ዓመታት የሥዕል አልነበሩም። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በዋቆ ጉቱና በሌሎች መሪዎች እየተመራ ገበሬው በግብር እና በመሬት ጉዳይ አመፀ፤ ደጋውም ቆላውም በጦርነት ታመሰ። ከዚያ የ1966ቱ አብዮት መጣ። በዚያው ዓመት ገደማ እሸቱ ጥሩነህ በረኀብ የተጎዱትን፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ጭምር ያሉበትን ስደተኛ ሕዝብ ሣለ፤ አጥንቷ የወጣ ኢትዮጵያዊት በትልቅ ሸራ ላይ ስትታይ ብዙ ሰው ደንግጧል። ደርግ ደግሞ ሴትን በፖስተር ላይ ጠብመንጃ፣ መዶሻና ልጅ አስይዞ አቆማት፤ ክንዷ ወፈረ፣ ፊቷ ግን እንደ ቀድሞው የሌላ ሐሳብ ማሳያ ሆኖ ቀረ። የሶማሊያ ጦርነት የባሌን ቆላ ሲያዳርስ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያም ሕዝቡ ከየጎጆው ተነሥቶ በመንደር ሲሰበሰብ፣ የሴቶቹ የጉርብትና ሥርዓት፣ የአቴቴውም ስብስብ አብሮ ተናጋ። በኋላም የሃይማኖት ለውጡ ሲጨመርበት ቀነፋ ከብዙ ግንባር ወረደ።

በዚያው ጦርነት ጠርዝ ላይ አንዲት ወጣት የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበረች። ከበደች ተክለአብ ከደርግ ሸሽታ ስትሄድ በሶማሊያ ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ አሥር ዓመት ያህልም በእስር ካምፕ ቆየች። ከተፈታች በኋላ አሜሪካ ገብታ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማረች፤ ግጥም ጻፈች፣ ሣለችም። ስለ እስሩ በሣለቻቸው ሥራዎች ሰውነት የተጨናነቀ፣ የታጠፈ፣ ቦታ ያጣ ነው። አበባም አገርም ያልሆነ፣ መከራውን ራሱ የሚያውቅ ሰውነት በሴት እጅ ወደ ሥዕላችን ገባ።

ከኦሮሞ ሠዓሊዎች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ለማ ጉያ ነው። በአየር ኃይል ያገለገለው ለማ በቢሾፍቱ የራሱን የሥነ ጥበብ ማዕከል አቋቁሞ በፍየል ቆዳ ላይ የሰው መልክ ይሥል ነበር። የባሌን ሴት የቀድሞ ልብስ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቁሳቁስ ብዙ ይናገራል፤ ቆዳ አያቶቻችን የለበሱት፣ የተኙበት፣ ልጅ ያዘሉበት ነው። የባሌን ሴት መሣል የሚፈልግ ሁሉ ከለማ መጀመር ይችላል።

ሰው ሆና የደረሰችው ሴት ግን ከሁሉ ይልቅ በታደሰ መስፍን ሸራ ላይ አለች። ታደሰ እ.ኤ.አ. በ1953 በወልድያ ተወለደ፤ በሠዓሊው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ዘመን አዲስ አበባ ተማረ፣ ቀጥሎ በሌኒንግራድ ሬፒን ተቋም ሠለጠነ፣ ከዚያም በአለ ትምህርት ቤት ለአሥርተ ዓመታት አስተማረ። «የሕይወት ምሰሶዎች» የተባለው ተከታታይ ሥራው የጉልት ሴቶችን ይሥላል። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ጥቂት እንቁላል በፊቷ ደርድራ የምትቀመጥ ሴት፤ ቆማ የምትጠብቅ፣ ከጎረቤቷ ጋር የምታወራ፣ እግሯ የደከማት ሴት። ሠዓሊው በልጅነቱ በወልድያ ገበያ ያያቸው ናቸው። እየረዘሙ ይሄዳሉ፣ ምድሩ ከሥራቸው ይጠፋል፣ ርቀትና ቅርበት ይቀላቀላል፤ እንደ ጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ሙሉ ፊታቸውን ይሰጡናል። ፍሬ ጽዮን ለማርያም የሰጠውን ግርማ ታደሰ ለሽንኩርት ሻጭ ሰጣት። በእኔ ፍርድ ይህ ከዘመናችን የሥዕል ሥራዎች ሁሉ የላቀው ነው፤ አምስት መቶ ዓመት የተጠራቀመውን የአክብሮት ቋንቋ ሳይጥል ለተረሳችው ሴት መልሶታልና።

ከእርሱ ከተማሩት አንዷ ትዝታ ብርሃኑ ናት፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ተወልዳ በ2013 ተመረቀች። ሸራዋ ላይ ሰዎች ይተቃቀፋሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ይደገፋል። ሐዘን በእኛ ቤት የሴት ሥራ ነው፤ ማልቀሱም ማጽናናቱም ለእርሷ የተተወ ነው። ትዝታ ያንን የሴት ሥራ የሥዕል ዋና ጉዳይ አደረገችው። በ1992 እ.ኤ.አ. የተወለደችው ሰሎሜ ሙለታ ደግሞ ሴትን በገዛ ክፍሏ፣ ብቻዋን ትሥላታለች። ሴቲቱ አልተሸከመችም፣ ማንንም አታስተናግድም፤ ከራሷ ጋር ተቀምጣለች። በጓዳችን ሴት ልጅ ሥራ ፈታ የምትቀመጥበት ሰዓት ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህ ሥዕል ምን ያህል ደፋር እንደሆነ ይገባዋል። የእነዚህ ሠዓሊዎች ሥራ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተው፣ በ2021 ደግሞ ለንደን ላይ በቋሚነት ቦታ በያዘው አዲስ ፋይን አርት ጋለሪ በኩል ዓለም አይቶታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ባሌ የት ናት? የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በዓለም የተፈጥሮ ቅርስነት ተከትሏል። ዓለም የሰኔቲን አምባና ቀይ ቀበሮውን ያውቃል፤ ስለ ባሌ የሚታተመው ምስል ሁሉ ማለት ይቻላል የእንስሳና የተራራ ነው። ቡሉኮ ደርባ በፈረስ ከጎባ ወደ ገጠር የምትመለሰው ሴት፣ በሮቤ ገበያ ማርና ስፌት ይዛ የምትቀመጠው እናት፣ ሲንቄ ይዘው በሠርግ የሚቆሙት አሮጊቶች በታወቁት ዐውደ ርእዮች ውስጥ ቦታቸው እጅግ ጠባብ ነው። ይህ ጉድለት በቁም ነገር መታየት አለበት። ቀነፋ ያሰሩ፣ ለሲንቄ የወጡ ሴቶች አርጅተዋል፤ ጨሌው የት የት እንደሚደረደር፣ ጸጉሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ሮቤ ዛሬ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከጎባ ጋርም በጥቂት ኪሎ ሜትር አስፋልት ተያይዛለች። የዞኑ ባህል ቢሮና ዩኒቨርሲቲው አንድ ክፍል ለሥዕል ቢሰጡ፣ ቀለምና ሸራ ቢያቀርቡ፣ ከአዲስ አበባም አስተማሪ ሠዓሊዎችን ለአንድ ክረምት ቢጋብዙ የሚከብድ ነገር አይደለም። መጀመሪያ የሚጠሩት ሴት ልጆች ይሁኑ። እናንተም በደብተራችሁ ጠርዝ ላይ የምትሥሉ የሮቤና የጎባ ልጆች፣ ክፍሉ እስኪከፈት አትጠብቁ፤ እርሳስ ይዛችሁ አያቶቻችሁ ዘንድ ሂዱና ሲንቄያቸውን አስይዛችሁ ሣሏቸው።